ባዶ የተመለሰ ሳህን

ጫማ ሰፊያችንን «ሜኑ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ወደ ትልቁ ከተማ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ለሠርግም ይሂድ ለክስ፣ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት በመናኸሪያው አጥር ሥር ወዳለችው ዳሱ ጎራ ይላል። ሜኑ ወስፌውን አስቀምጦ ከጫማ ካርቶን አንድ ቁራጭ ይቀድና ይጽፍለታል፦ ምሳ የት፣ እራት የት፣ የማን ቤት ዓሣ ትኩስ እንደሆነ፣ የትናንቱን ሩዝ ዛሬ በቅመም አሽሞንሙኖ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ።

«ከጥጉ ቤት እንዳትገባ» ይላል። «በሩ ያምራል፤ ሥጋው ግን ባለቤቱን በዕድሜ ይበልጠዋል።»

እዚያ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ምን ይሠራ ነበር? «ምግብ ቤት» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀው የለም። ዳኛውን፣ ዱቄት ሻጩንና የገዛ አማቱን የሚጠራጠረው ሰፊው ሕዝባችን በሜኑ ካርቶን ላይ አንድም ቀን ተቃውሞ አሰምቶ አያውቅም። ከተሜ የነበረ ሰው አይሳሳትማ! ሆዱ ተነፍቶ የተመለሰ እንኳ «ውሃው አልተስማማኝም» ብሎ ይምላል እንጂ ካርቶኑን አይከስም።

ሜኑ አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው፤ ትምህርት ቤት የምታጸዳ፣ አንዲት ልጇን ብቻዋን ያሳደገች። ሆዷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ደበቀችው፤ በኋላ ኮሪደሩን ስትጠርግ በየሦስት በሩ መጥረጊያዋን ተደግፋ መቆም አመጣች። ጤና ጣቢያው እጢ ነው ብሎ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ጻፈላት። ሰባት ወር ጠብቃ ተራዋ ደረሰ፤ ማክሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገና። ከሰኞ ማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ተነገራት፤ በወረቀትም ተጻፈላት።

እናትና ልጅ ሻንጣቸውን ይዘው ሊሰናበቱት ዳሱ ሄዱ።

«በባዶ ሆድሽ ልትቀደጂ?» አለ ሜኑ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሐኪሙ ነው፣ ወንድምዓለም።»

«ሐኪም ሥራው መከልከል ነው። ጨው ተዪ፣ ሥጋ ተዪ፣ ብትሰሚው ነፍስሽንም ተዪ ይልሻል።»

«ወረቀቱም ላይ አለ፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ።

«አንቺን ያሳደገሽ ወረቀት ነው ወይስ እናትሽ?» ካርቶን ቀደደ። «ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት አረንጓዴ በር ያለው ቤት አለ። ጠዋት የዶሮ ሾርባ አለው። ሾርባ ምግብ አይደለም፤ ውሃ ነው። ቀዳጆቹ ራሳቸው እዚያ ይጠጣሉ፤ ሳህኑን ልሰውት ነው የሚነሡት። ለቀዳጅ የተስማማ ለተቀዳጅ ምን ይሆናል?»

እህቱ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ። ካርቶኗን ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አንድ ላይ አጠፈቻት። ታላቅ ወንድም የጻፈው አይጣልም።

ማክሰኞ ጠዋት ሾርባውን ጠጣች። ልጅቷ «እማዬ ይቅርብሽ» ብትል «አጎትሽ እዚህ የኖረ ሰው ነው» አለቻት። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ገቡ። ነርሷ መዝገቧን ይዛ መጣች።

«እናቴ፣ ከማታ ጀምሮ የቀመሱት ነገር አለ?»

«ምንም፣ ልጄ። ሾርባ ብቻ።»

መዋሸት አታውቅበትም ነበር፤ ይኸው ነው ጥፋቷ። ነርሷ ብዕሯን አቆመች። በማደንዘዣ እንደተኙ ከሆድ የወጣ ነገር ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደሚገድል ነገረቻቸው፤ አልተቆጣችም። ቀጣዩን ሰው ጠራች። ልጅቷ የበሩን እጀታ ይዛ ለመነች። አዲስ ተራ ተሰጣቸው፦ ከአምስት ወር በኋላ።

ልጅቷ እናቷን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ አረንጓዴው በር ተመለሰች። ሒሳብ ተቀባይዋ መነጽሯ በክር የታሰረ አሮጊት ነበረች።

«ሐኪሞቹ እዚህ ሾርባ ይጠጣሉ?»

«ይጠጣሉ እንጂ፤ ቀደው ሲጨርሱ። ማን ነገረሽ?»

ልጅቷ የአጎቷን ስምና መልክ ተናገረች።

«ውይ! እቃ አጣቢው! አለ እንዴ? እሱ ምን ያውቃል ልጄ፤ በጓሮ ገብቶ በጓሮ ሲወጣ ነው የኖረው። እዚህ ወንበር ላይ አንድ ቀን ሲቀመጥ አላየሁትም።»

በአውቶቡሱ ልጅቷ ይህን ለእናቷ ነገረች። «እንዳትነግሪው» አለች እናትየው። «ለአጎትሽ ያለችው ያቺ ከተማ ብቻ ናት።»

ሜኑ መናኸሪያው ላይ ተቀበላቸው። ተራው እንደ ተላለፈ ሰማ፤ «ሰበብ ነው፣ ሰው በዝቶባቸው ነው» አለ። ቀጥሎ የጠየቀው፣ አፈር ስሆን፣ ይህንን ነው፦ «ሾርባውስ?»

«ጥሩ ነበር፣ ወንድምዓለም።»

ተራዋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞተች።

ለቅሶ ቤቱ ሞላ። ሜኑ ግድግዳ ተደግፎ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር። የእህል ነጋዴው አጠገቡ ቁጭ አለ፤ እግዜር ያጥናህ አለ፤ ያለቀሰውን ያህል አለቀሰ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲህ ሰው ከሞት አያመልጥም። እኔም ሰኞ ወደዚያው ነኝ። ምሳ የት ይሻለኛል?»

ሜኑም፣ ልማድ ክፉ ነው፣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እርሳሱን አወጣ።

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆ ስትሰበስብ ነበር። ከፊቱ ቆመች። ለአጎቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም አላደረገችም።

«አጎቴ፣ ያ ሾርባ ጨው ይበዛበታል ወይስ ያንሰዋል?»

ሜኑ ቀና ብሎ አያት፤ የት እንደሄደች፣ ከማን እንደሰማች ፊቷ ላይ አነበበ። አሥራ አንድ ዓመት በአፍንጫው ሥር ያለፈ ሾርባ ምን ጣዕም አለው?

«አላውቅም» አለ። «አንድ ቀንም አልቀመስኩት። ሳህኑ ግን . . . ሁልጊዜ ባዶውን ነበር የሚመለሰው።»

የእህል ነጋዴው አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ባዶውን ከተመለሰማ ጥሩ ነው ማለት ነዋ» አለ። «ጻፍልኝ።»

ሜኑም ጻፈለት። የበሩን ቀለም ሳይቀር ጻፈለት። ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ይዛ ልታጥብ ወደ ጓሮ ወጣች።