የተገዘተ ጥድ ግምት

ይህን ለመጻፍ ስነሣ በእጄ ያለው ማስረጃ ጥቂት ነው። የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ወረቀት ጣልያን ሲወጣ ይቃጠል ወይም ተጭኖ ይሂድ አላውቅም፤ እኔ ዘንድ አንዲት ቁራጭ አልቀረችም። የምተማመነው በዓይኔ ባየሁትና ከነጻነት በኋላ የጉና ግርጌው ጭቃ ሹም በነገረኝ ላይ ነው። እሱም ነገሩን ሁለት ጊዜ አውርቶልኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚዋሽ አይመስልም ነበር፤ ሁለቱ ወሬዎች ግን አንድ አይደሉም። የሰዎቹን ንግግር የማስቀምጠው እንደማስታውሰው ነው፤ ቃል በቃል ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም። በዚህ ዕድሜ የራስ ትዝታ ከሰው ወግ ጋር ይቀላቀላል። አንዳንዱን ነገር ያየሁት ይመስለኝና፣ ቆይቼ ሳስበው በዚያ ዕለት እዚያ ቦታ አልነበርኩም።

ትምህርቴ ሁለት ዓይነት ነበር። በልጅነቴ ደብረ ታቦር አጠገብ ዳዊት ደግሜ ቅኔ ጀምሬያለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ በፈረንሳይኛ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማርኩና ምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ወረቀቱን ከያዝኩ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ያን ጊዜ ተማሪ መባል የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ አብረውኝ ከተማሩት መካከል ተወስደው ያልተመለሱ አሉ። አባቴ መጻሕፍቴን ከጎተራው ገብስ ሥር ደበቁልኝና «ከእንግዲህ የምታውቀውን አትወቅ» አሉኝ። ሆኖም ፈረንሳይኛ የሚችልና ስሌት የሚያውቅ ሰው በከተማው መኖሩ ከጣልያኖቹ ምሽግ ደረሰ፤ አንድ መሐንዲሳቸው አስጠራኝ። ልታሰር ነው ብዬ ሄድኩ፤ ሥራ ተሰጥቶኝ ተመለስኩ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ ብለው የጠየቁኝ ብዙዎች ናቸው።

ሥራው የማገዶ ግምት ይባል ነበር። በምሽጉ ውስጥ በእንጨት የሚነድ የእንፋሎት ሞተር ነበረ፤ ለመኮንኖቹ ቤት፣ ለሐኪም ቤቱና ለሬዲዮው መብራት የሚሰጥ። ሞተሩ ምን ያህል እንጨት እንደሚበላ፣ እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት አህያ እንደሚፈልግ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ስንቱ ሊደርቅ እንደሚችል አስልቶ ማቅረብ የእኔ ድርሻ ሆነ። የልጅ ልጄ ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ በአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት በተንታኝነት ተቀጥራለች፤ የሚመጣውን ዓመት ፍላጎት ትገምታለች። ስታስረዳኝ ከሞላ ጎደል የእኔ ሥራ መሰለኝ፤ እሷ ግን ጭስ አይሸታትም። እኔ ዘንድ እርጥብ እንጨት በገባ ቁጥር ሞተሩ ያጨሳል፣ አምፖሉ ይቀላል፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ከዚያ ዘመን ከፍርሃቱ ይልቅ አጥርቼ የማስታውሰው ድካሙን ነው። ጧት ስነሣም ደክሞኝ ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ሲቃረብ፣ ሁለተኛው ይመስለኛል፣ መሐንዲሱ ካርታ ዘርግቶ ጠበቀኝ። የጎንደር መንገድ ጭቃ ሊሆን ነው፤ ቤንዚን አይመጣም። በከተማው ዙሪያ ያለው ኮረብታ ደግሞ ተመልጧል። ጣቱን በጉና ግርጌ ባለች አንዲት ደብር ላይ አሳረፈ። የደብሯ ደን የሐበሻ ጥድ ነው፤ አርጅቶ በቁሙ የደረቀም አይጠፋውም። ሄጄ እንድቆጥር፣ የሚቆረጠውንም ዛፍ ሁሉ በምሳር ልጬ ምልክት እንዳደርግበት አዘዘኝ።

መንገዱን የመራኝ የዚያው አካባቢ ጭቃ ሹም ነው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። በበቅሎ ወጣን። ዛፍ እየራቀ በሄደ መጠን በየአጥሩ ካብ ላይ የተለጠፈው ኩበት እየበዛ መጣ፤ የዚያ አገር ሰው የሚያበስለው በኩበት ነው። ነፋሱ ከጉና ቁልቁል ይመጣል።

«እስቲ ልጠይቅህ ጸሐፊው» አለኝ፤ «አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ ያን ሁሉ ዘመን የተማርከው እንጨት ለመቁጠር ነው?»

«ለሌላ ነበር።»

«እናቴ ሳትማር ትቆጥረው የለ። ሲያልቅ ‹አለቀ› ትላለች።»

«አንተስ ሹመቱን ለምን ተቀበልክ?»

«በቅሎዋን አይተህ ነው?» ብሎ አንገቷን መታ መታ አደረጋት። ጥቂት ከሄድን በኋላ ሳቁን ተወና «እኔ እምቢ ብል የሚሾሙት የአጎቴን ልጅ ነው» አለ፤ «እሱ ደግሞ ሹመት ይወዳል።»

የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። መስቀል ተሳለምን። የመጣሁበትን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ መቆጣት የሚጠይቀው ጉልበት ያለቀባቸው ይመስሉ ነበር። ደኑ ግዝት አለበት አሉ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ቄሰ ገበዝ፣ በቆመ ዛፍ ላይ ብረት ያሳረፈ ከቁርባን የተለየ ይሁን ብለው አውግዘዋል። የወደቀ እንጨት ብቻ ይለቀማል፤ እሱም የቅዳሴው ኅብስት ለሚጋገርበት ለቤተ ልሔሙ ነው።

ለመላጡ ከአጥቢያው የተጠሩት፣ ምሳር የያዙት ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አባ» አለ ጭቃ ሹሙ፤ «ልጣጭ ብቻ እኮ ነው የምናነሣ። መላጥ መቁረጥ ነው?»

«ብረት ያረፈበት ዛፍ እንደ ወደቀ ነው የሚቆጠር። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው።»

«መቁጠርስ?» አልኳቸው።

ደኑን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። የቀልድ ጥያቄ አልነበረም፤ ምሳር የያዙትም መልሱን በጭንቀት ይጠብቁ ነበር።

«ቁጠር» አሉኝ በመጨረሻ። «ዓይን ብረት አይደለም።»

ያለ ምልክት ደን መቁጠር እንደማይቻል የሚያውቅ የሞከረ ብቻ ነው። ወዲያው ተምታታብኝ። ከሰዎቹ አንዱ የተቆጠረው ግንድ ሁሉ ላይ የሣር ገመድ እንሰር የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ሁላችንም ሣር ስንገምድ አረፈድን። ግማሹን ያህል አስረን ቄሰ ገበዙ ቤት ድንች ቀርቦልን በላን። ስንመለስ የካህናቱ በጎች በካቡ ክፍተት ገብተው አፋቸው የደረሰበትን ገመድ ሁሉ በልተውታል። አንዷ እናት በግ የመጨረሻዋን ጉንጉን እያላመጠች ቀና ብላ አየችን።

ጭቃ ሹሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወንድሜ፣ በጎቹም ሸፍተዋል!»

ቄሰ ገበዙም ፈገግ አሉ፤ ያን ቀን ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ገመዱን ከፍ አድርገን እንደገና ጀመርን፤ ጉም ወረደብንና የያዝኩት ቁጥር ከፊተኛው ጋር አልገጠመም። ሁለቱን ቁጥሮች ይዤ፣ እውነቱ በመካከላቸው ነው ብዬ ተውኩት።

ልንነሣ ስንል ቄሰ ገበዙ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ስንቱን ይወስዳሉ?»

«ግምቴን ከተቀበሉት፣ ምዕራቡ ወገን መንገዱ እስኪደርቅ ይበቃቸዋል።»

«የሚቆርጡትሳ እነማን ናቸው?»

«የአጥቢያው ሰዎች ናቸው አባ።»

ስለ ዛፉ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገሩም። «የንስሐ ልጆቼ ናቸው» አሉ። «ቢቆርጡ ቁርባን የለም፤ ሲሞቱም ፍትሐት የለም። ባይቆርጡ ቤታቸው ይቃጠላል፤ በማዶው አገር አይተናል። ግዝቱን ያሰሩት ዐርፈዋል፤ የሚፈታ ደግሞ ያሰረ ነው፤ ካልሆነም ጳጳስ። ጳጳስ ዛሬ ከወዴት አገኛለሁ?» እንደ መጠየቅ አድርገው አዩኝ። ቅኔ ቤት መዋሌን ስለነገርኳቸው ይሆናል።

መሐንዲሱ ሁለት ቁጥር በማቅረቤ ተበሳጨ። «እኔ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው» አለኝ። እንዲህ ያሉ አለቆች ዛሬም እንዳሉ የልጅ ልጄ ነግራኛለች። ምልክት ያላደረግሁበትን ምክንያት አስረዳሁት፤ በከተማው ያለውን ባሕር ዛፍ እንጠቀም ብዬም አሳሰብኩ። ባሕር ዛፉ ለጋ ነው፤ እርጥብ ነው አለኝ፤ ልክ ነበረ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። በእናቱ መንደርም ሰው የማይነካው የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። ይህን ብሎ በመስኮቱ ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለከተና «ምዕራቡን ወገን» አለኝ። መብራቱ የሚደርሳቸውን ሬዲዮውንና የመኮንኖቹን ቤት ግን አላነሣም።

በሚቆረጥበት ቀን ተገኝቼ እንጨቱን እንድለካ ታዝዤ ነበር። በሌሊቱ በዘነበው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቆየሁ፤ ስደርስ ጥዶቹ መውደቅ ጀምረዋል። ሁለቱ ወሬዎች የሚለያዩት በዚህ ላይ ነው።

ጭቃ ሹሙ መጀመሪያ እንደነገረኝ፣ ሰዎቹ ምሳራቸውን መሬት አስደግፈው ቆሙ፤ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች የሆኑት አስካሪዎቹ መቆጣት ጀመሩ። ያን ጊዜ ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና ሁሉንም አንበርክከው ፈቷቸው፤ ተነሥተውም ቆረጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን፣ እኔው ቤት ተቀምጦ፣ ሌላ ነገር ነገረኝ። መስቀል አልያዙም ነበር አለ። ምሳሩን ከእሱ ከራሱ እጅ ተቀበሉና በምዕራቡ ወገን ካለው ጥድ ሁሉ ላይ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያነከሱ፣ አንድ አንድ ጊዜ መቱ። ሲደክማቸው ግንዱን ተደግፈው ያርፋሉ፤ ማንም እንዲረዳቸው አልፈቀዱም። ሲጨርሱ «ያረፈው ብረት የእኔ ነው» አሏቸው። «እናንተ የምትለቅሙት የወደቀ እንጨት ነው። ግቡ።»

ለምን መጀመሪያ እንዲህ እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት። «ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ» አለ። «እንዲህ አድርገዋል ብዬ ባወራ፣ ከመቅደስ የሚያግዳቸው አይጠፋም ነበር።»

በዓይኔ ያየሁት ይህን ያህል ነው። በወደቁት ግንዶች ላይ፣ ከጥልቁ የምሳር ቁርጥ ከፍ ብሎ፣ በደረት ልክ፣ የደከመ እጅ የመታው የሚመስል ትንሽ የምሳር ጠባሳ ነበረ። የመጀመሪያው ወሬ እውነት ከሆነ አስካሪዎቹ ያስደረጉት ምልክት ሊሆን ይችላል። ቄሰ ገበዙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለውታል፤ ቀኑ ብርድ ነበር።

«ይበቃቸዋል?» አሉኝ።

«ይመስለኛል አባ።»

«ይመስልሃል» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እንደ ምንም በቃ። ዝናቡ ሲያባራ መንገዱ ተከፈተ፤ የምሥራቁ ወገን ማንም ሳይነካው ዛሬም ቆሟል። ከቆረጡት ሰዎች ከቁርባን የተለየ አልነበረም፤ ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ አምነዋለሁም። ቄሰ ገበዙን ግን ከዚያ ወዲህ በአንድ የበዓል ቀን አየኋቸው። ቅዳሴው በውስጥ ይቀደሳል፤ እሳቸው ከውጭ፣ በደጀ ሰላሙ በር ግንብ ተደግፈው ቆመዋል። ጉልበታቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ደረጃው ለታመመ ጉልበት ከባድ ነው። እሳቸውን ለመጠየቅ አፍሬ አለፍኩ።

ያረፉት እኔ በሥራ ሌላ አውራጃ ሳለሁ ነው። የተቀበሩት በምዕራቡ ወገን፣ በጉቶዎቹ መካከል መሆኑን መቃብሩን ያሳየኝ ዲያቆን አረጋግጦልኛል። ሌሎቹ የደብሩ ካህናት ሁሉ በምሥራቅ፣ በቤተ ልሔሙ አጠገብ ነው ያሉት። እዚያ ይቀበሩ ዘንድ ራሳቸው ተናዝዘው እንደሆነ፣ ወይስ በሌላ ምክንያት፣ ፍትሐትም ተደርጎላቸው እንደሆነ ዲያቆኑን ጠየቅሁት። «መቼም ተደርጎላቸዋል» አለኝ። እሱ በዚያን ጊዜ አልተወለደም ነበር። ከእሱ በቀር የምጠይቀው ሰው ስላላገኘሁ፣ ይህን ማረጋገጥ አልቻልኩም።