አባባን «ዘይ» ያልኩ ቀን

ዛሬ እንጅባራ፣ ከማስተምርበት ክፍል፣ አንዲት ተማሪ ስለ አባቷ በእንግሊዝኛ ስትናገር «ዘይ» አለች፤ «እነሱ» እንደማለት። ልጆቹ ሳቁባት። እኔን ግን ያቺ ቃል ወደ ልጅነቴ ዳንግላ ወሰደችኝ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባባን በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። የዚያን ቀን ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ አስተርጓሚው ምሳ ወጥቷል። አባባ ሆዳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተኮራምተዋል። ሐኪሙ ማን እንደታመመ ጠየቀኝ። «ሂ» ማለት «እሱ» እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አባቴን እንዴት ብዬ «እሱ» እላለሁ? እኛ ቤት እንዲህ የሚል ልጅ በርበሬ ይታጠናል። ስለዚህ በአክብሮት፣ «እሳቸው» ለማለት፣ «ዘይ አር ሲክ» አልኩት።

ሐኪሙ ደነገጠ። ሌሎች በሽተኞች ውጭ የቀሩ መስሎት አባባን አልፎ ወደ በሩ ሮጠ።

«ሐኪሙ የት ሄዱ ልጄ?» አሉ አባባ።

«በሽተኞቹን ሊፈልጉ።»

«ታዲያ እኔስ?»

ሐኪሙን ተከትዬ ሮጥኩ። እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ ከ«ዘይ» ሌላ ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። ስንመለስ አባባ መናገር አቁመዋል፤ ከዚያ አግዳሚም በሕይወት አልተነሱም።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ተማሪዋ እንደቆመች ትጠብቀኛለች።

«‹ሂ› በይ» አልኳት። «አባትሽ አይቀየሙሽም።»