የአባባ እጅ ወይስ መሪው

ባለፈው ሳምንት ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ልጁ የመኪናዬን ጎማ ማሽን ላይ ሰቅሎ ሲያሽከረክር፣ አንዲት ቁራጭ የእርሳስ ብረትም ቸርኬው ጠርዝ ላይ በመዶሻ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ፣ የሞቀ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ለእሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። እኛ ቤት ግን፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ነቀምት ጨለለቂ ስንኖር፣ ያቺ ቁራጭ እርሳስ የአባባ እንጀራና ስም ነበረች።

ሰፈሩ ኦቦ ገመቹ የሚለው አባቴ የነጋዴውን የጋሽ ከድርን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። በከተማው መኪና በጣት የሚቆጠር ስለነበር እኔም የሾፌር ልጅ ነኝ ብዬ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነበር የምሄደው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ግን መሪዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀስ ብላ ስትሄድ ደህና ናት፤ ትንሽ ፈጠን ስትል መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ይርገፈገፍና የአባባን ክንድ እስከ ትከሻው አብሮ ያንቀጠቅጠዋል። መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ደግሞ የሚንቀጠቀጠው አባባ ነው። ከጸሎት ቤት የማይቀረው፣ ጠጅ እንኳ ቀምሶ የማያውቀው አባባ አረቄ ጀመረ ተባለ። ሰዎቹ «አካም ጂርታ?» ብለው ሲጨብጡት እጁን ከወትሮው ረዘም አድርገው ይይዙት ጀመር፤ አባባም ነገሩ ስለገባው መዳፉን ገትሮ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ጋሽ ከድር ራሱ መጣና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ገመቹ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ዲጋ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። ያው ከሆነ ቁልፉን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው፤ አትቀየመኝ» አለው።

አባባ ሦስት ቀን ሙሉ መኪናዋ ሥር ተኝቶ የመሪውን ብሎን ሁሉ አጠበቀ፤ ለውጥ የለም። ዓርብ ከሰዓት የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጁ ሲያሽከረክር፣ የወሎዋ እማዬ ደጃፉ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጎማው ሲደክመው ትንሽ ወደ ኋላ ይመለስና ይቆማል። እማዬ እንዝርቷን አስቀመጠችና «እስቲ ድገመው» አለች። እኔ የትምህርት ቤት ጠመኔዬን አምጥቼ ከታች የዋለውን ወገን ቀባሁት። አዞረው፤ ጠመኔው ታች ቆመ። ደገመው፤ ታች። በአራተኛው እኔ መዝለል ጀምሬአለሁ።

«እንዝርትም አንድ ወገኑ ሲከብድ እንዲሁ ነው፤ ሲፈጥን ይዋልላል» አለች እማዬ። «እኔ በወዲያኛው በኩል ሰም እለጥፍበታለሁ።»

አባባ ጎማውን ፈታው። ውስጡ፣ በክረምቱ የተቀደደውን ለመሸፈን ራሱ የከተተው ወፍራም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተጋድሟል። አዲስ ጎማ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ስለሚፈጅ ቁራጩን ማውጣት አልተቻለም፤ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ወጣና ከቁራጩ ትይዩ ቸርኬው ላይ በሽቦ ታሰረ። ጠመኔው እንደልቡ ላይም ጎንም መቆም እስኪጀምር ድረስ እማዬ ጥቂት በጥቂት አስቆረጠችው።

ቅዳሜ ጋሽ ከድር ከፊት፣ እኔና እማዬ ከኋላ የጨው ጆንያ ላይ ሆነን ወጣን። እኔ ግንባሬን በኋላዋ ትንሽ መስኮት ላይ ለጥፌ የአባባን እጅ አያለሁ። ከተማው አልቆ መንገዱ ቀና ሲል አባባ ነዳጁን ረገጠ፤ ነፋሱ የእማዬን ነጠላ ገፈፈው፤ ያ የምንፈራው ፍጥነት ደረሰ፤ አለፈ። አባባ ሁለቱንም መዳፎቹን ከመሪው አንሥቶ ለጋሽ ከድር ዘረጋለት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እማዬ እንደ ልጅ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላውቅም።

ዲጋ ስንደርስ ጋሽ ከድር ገበያተኛው ፊት አባባን አቅፎ፣ «ለካ መካኒክም ነው ያለኝ» አለ። አባባ ወደ እማዬ ዞሮ አፉን ሲከፍት እጅጌውን ሳብ አደረገችው። ስንመለስ ለምን እንደከለከለችው ቢጠይቃት፣ «የታማኸው አንተ፣ የምትመሰገነውም አንተ» አለችው።

አባባ እስኪሞት ድረስ «እሷ መሆኗን ለሰው ንገሪ» ይለኝ ነበር። እሷ ደግሞ «ተይ» ትለኛለች። እሷም ካረፈች በኋላ ልናገር ብዬ ነቀምት ሄድኩ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል። ጨለለቂ ከቤት ቤት ዞርኩ፤ ሻይ ቀዱልኝ፣ አከበሩኝ። አባባን ደህና ሾፌር ነበር ብለው ሰምተዋል፤ ታምቶ እንደነበር ግን የሚያውቅ አንድ ሰው አልቀረም። እማዬ ከምን እንዳዳነችው ለማስረዳት መጀመሪያ እኔው አባቴን ማማት ሊኖርብኝ ነው። ሻዬን ጨርሼ ተነሣሁ።