የራስቲኒ ቲዎረም እና የጥጉ ቅርጫት

ኒ ነንጋህ ራስቲኒ በሕይወቷ አንድ አምፖል ቀይራ አታውቅም። ይህንን እንደ ነውር አትቆጥረውም፤ እንዲያውም ደስ ሲላት ለእንግዳ ታወራዋለች። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህርት ናት። ግን ኮምፒውተር ከሚፈታታው ወገን አይደለችም፤ ነጭ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ "ይህ ነገር በፍጹም ሊሆን አይችልም" ብሎ ሲያረጋግጥ ከሚውለው ወገን ናት። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስባት ቁልፍ ያዧን ትጠራለች።

እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ ሲንጋራጃ ከተማ ያለው ኮሌጃችን የርቀት ላቦራቶሪው ኃላፊ ያደረጋት። ምክንያቱ ሌላ አይደለም። የምርጫው ስብሰባ ዕለት የባሏ እህት ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በልማዳችን ጥርስ የሚሞረድበት ድግስ ስለነበረ ቀረች። እኛ ዘንድ ደግሞ ከስብሰባ የቀረ ሰው ይመረጣል።

ላቦራቶሪው አንድ ክፍል ነው። ውስጡ ጥቂት ሞተሮችና ጠረጴዛ ላይ የተተከለ አንድ የብረት ክንድ አሉ። ኩፓንግና ተርናቴ ያሉ የምህንድስና ተማሪዎች እንዲህ ያለ ዕቃ በደሴታቸው ስለሌለ፣ በኢንተርኔት ተራ ይይዙና ክንዱን ከቤታቸው ሆነው ያዝዙታል፤ በካሜራ እያዩ ኩብ ያስነሱታል፣ ያስደረድሩታል፣ ያስጥሉታል። ራስቲኒ ራሷ ወደ ክፍሉ ብዙም አትገባም። ለምን ሲሏት "የርቀት ነው አይደል እንዴ? እኔም ርቀቴን ጠብቄያለሁ" ትላለች።

ኃላፊነቱ ያመጣላት ትርፍ አንድ ቲዎረም፣ ማለትም በሒሳብ የተረጋገጠ ድምዳሜ፣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተማሪው ምንም ዓይነት ትእዛዝ ቢልክ፣ የሚያዝዘው ማሽን የትኛው ከተማ እንደተቀመጠ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ማረጋገጫው ግን ረጅምና የሚያምር ነበር። ጃፓኖች አነበቡት፣ ጀርመኖች ጠቀሱት፣ ኮሌጁም በእሱ ላይ ተመርኩዞ ፕሮፌሰርነቷን ለዋና ከተማው ለጃካርታ አቀረበላት። አማቷ ለጎረቤቱ ሁሉ "ምራቴ አንድ ነገር አረጋግጣለች፤ ምን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ" እያለች ትኩራራ ነበር።

ጉዱ የመጣው ከሱራባያ ነው። እዚያ ያለ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ማሽኖቹ ወደ እሱ እንዲዛወሩ ማመልከቻ አስገባ። ፓክ ማርዲያንቶ (ፓክ እኛ ዘንድ አቶ እንደ ማለት ነው፣ ቡ ደግሞ ወይዘሮ) የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሰው የሙግቱ አንደኛ ነጥብ አድርጎ ያቀረበው የራስቲኒን ቲዎረም ነበር። "ቡ ራስቲኒ እንዳረጋገጡልን፣ ማሽኑ የትም ቢቀመጥ ለተማሪው ለውጥ የለውም። ስለዚህ መብራት የማይጠፋበት ቦታ ይቀመጥ" ብሎ ጻፈ።

ክንዱ ከሄደ ክፍለ ትምህርቱ ይዘጋል። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ራስቲኒ የገዛ ቲዎረሟን ቀዳዳ ፍለጋ ሳምንታት ፈጀች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበችው። አንድም ስህተት የለውም። እንዲህ በመጎበዟ የተናደደች ሰው እሷን ብቻ አይቻለሁ።

የጃካርታው ኮሚቴ ሰብሳቢ ቡ ቲዮርማ፣ ቃል የማታባክን የባታክ ነገድ ሴት፣ ነገሩን በሙከራ ቆረጠችው። ሱራባያ ልክ ያንኑ የመሰለ ክንድ ተተከለ። ተማሪዎች ሁለቱንም በየተራ ያዝዛሉ፤ የትኛው የሲንጋራጃው እንደሆነ ይናገራሉ። ካልለዩት ማሽኑ ይሄዳል። ከለዩት ባለበት ይቆያል፤ ቲዎረሙ ግን ገደል ገባ ማለት ነው።

በሙከራው ጠዋት ራስቲኒ ጭንቅ ሲላት ወደ ክፍሉ ገባች። ገብታም ክው አለች። ከጠረጴዛው ጥግ፣ ካሜራው በማያየው በኩል፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራች ትንሽ የመባ ቅርጫት ቁጭ ብላለች፤ በውስጧ አበባና ጭብጥ ሩዝ። ቅርጫቷ የተቀመጠችው "አበባ፣ ምግብና እሳት ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው" ከሚለው ራስቲኒ ከለጠፈችው ማስታወቂያ ሥር ነው።

"ምቦክ ላስትሪ!"

ምቦክ፣ ማለትም እትዬ፣ የምንላት ቁልፍ ያዧ ላስትሪ መጥረጊያዋን ይዛ ብቅ አለች።

"አቤት ቡ።"

"ይህ ምንድን ነው?"

"የዛሬው ነው። የትናንቱን አንስቼዋለሁ።"

"በየቀኑ ታስቀምጫለሽ ማለት ነው?"

"ታዲያ በየቀኑ አይደል እንዴ የሚሠራው? በየቀኑ እየሠራ በየወሩ እናመስግነው?"

"ማስታወቂያውን አላነበብሽም?"

"አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ያምራል። ለዚህ ነው ከሥሩ ያደረግሁት።"

ራስቲኒ ግንባሯን ያዘች። "ክንዱ ሲዞር አይመታውም?"

"ድሮ ይመታው ነበር። ሩዙን እየበተነ አስቸገረኝ። ማሽኑን ይንከባከብ ለነበረው ለፓክ ደዋ ጡረታ ሳይወጣ ነገርኩት፤ እሱ አንድ ነገር ሲጽፍለት ክንዱ ተወ። አሁን እዚያ ጥግ ሲደርስ ከፍ ይልና ዞሮ ያልፋል። ከእናንተ መምህራን ይልቅ እሱ ሥርዓት ያውቃል፣ አይቆጡኝና።"

ራስቲኒ አልተቆጣችም፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። የክንዱን ፕሮግራም ከፍታ ስትፈልግ አገኘችው። አንዲት መስመር ናት። ከአጠገቧ ፓክ ደዋ "የላስትሪ ጥግ፣ አትንኩ" ብሎ ጽፎባታል። የሱራባያው ክንድ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ይህች መስመር የለችውም። ቲዎረሟ ደግሞ የሚጀምረው "ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ይሁኑ" ብሎ ነው። ማረጋገጫው ውስጥ ስታጣው የከረመችው ቀዳዳ መግቢያው ላይ ተገትሮ ኖሯል።

መስመሯን መሰረዝ ትችላለች። ከሰረዘቻት ቲዎረሙ ይጸናል፤ ፕሮፌሰርነቱም ይመጣል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ያን ቲዎረም ትወደው ነበር፤ ከሠራችው ነገር ሁሉ አማቷን ያኮራ ያ ብቻ ነበር። ደግሞ ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። ላስትሪ መስኮቱን እየወለወለች ናት። ራስቲኒ ፕሮግራሙን እንዳለ ዘጋችው።

ሙከራው ተጀመረ። ኮሚቴው ከጃካርታ፣ ፓክ ማርዲያንቶ ከሱራባያ፣ ተማሪዎቹ ከየደሴታቸው በስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። የመጀመሪያዋ ኦክታቪና የምትባል የኩፓንግ ልጅ ነበረች። አንዱን ክንድ ወደ ጥግ ላከችው፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሌላውን ላከችው፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ከፍ ብሎ ዞሮ አለፈ።

"ሁለተኛው ነው" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች ቡ ቲዮርማ።

"አዎ ቡ። የእኛው እዚያ ጋ ሲደርስ ይቅርታ ልለፍ ይላል። ሁላችንም 'ይሉኝታው' ነው የምንለው። ፈተና ላይ ሰዓት ይበላብናል፣ ግን ለምደነዋል።"

ከእሷ በኋላ የመጡትም ሁሉ እሱኑ አሉ። ፓክ ማርዲያንቶ ፈገግታውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። ማሽኑ ቢቀርበትም የራስቲኒ ቲዎረም ሲወድቅ ማየቱን እንደ ምሳ ቆጥሮታል።

"እንግዲህ ቡ ራስቲኒ፣ ቲዎረሙስ?" አለ።

ራስቲኒ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "በወረቀት ላይ ልክ ነው። በእኛ ላቦራቶሪ ግን አይሠራም" አለች። ይህንን ስትል ብታለቅስ በወደደች።

"ማሽኑ ባለበት ይቆያል" አለች ቡ ቲዮርማ። "የፕሮፌሰርነቱን ፋይል ግን እመልሰዋለሁ፤ ታዝኚብኛለሽ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ጥጉ ላይ ምን አለ?"

"አበባ... እና ሩዝ።"

ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ላቦራቶሪ ውስጥ? ክልክል አይደለም?"

"ክልክል ነው። የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ማን ያስቀምጠዋል?"

ከበሩ አጠገብ የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ። የላስትሪ ቅጥር በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ደንብ የጣሰ ደግሞ አይታደስለትም። ራስቲኒ ያልተረጋገጠ ነገር ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናት።

"እኔ" አለች። "በየጠዋቱ። ራሴ።"

ቡ ቲዮርማ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። ከዚያ ለጸሐፊዋ ማጻፍ ጀመረች። "ጥጉ ላይ ያለው ነገር ከማሽኑ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ይመዝገብ። ኃላፊዋ እስካሁን እንዳደረጉት ሁሉ፣ በየጠዋቱ በራሳቸው እጅ ማስቀመጣቸውን ይቀጥሉ።"

ስክሪኑ ጠፋ። ላስትሪ መጥረጊያዋን ደገፍ ብላ ቆማ ነበር።

"ቡ፣ እኔ ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ነኝ። በስንት ሰዓት ይመጣሉ?"

"ዝም በይ" አለች ራስቲኒ አይኗን እየጠረገች። "ሩዙ ምን ያህል ነው?"