ውኃው እስኪጠራ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ የሚያወራው ስለ ቤት ማጽጃ ማሽን ነው። አክስቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ አቧራ ስቦ ውኃ ውስጥ የሚያስቀር ማሽን ለእናቴ አመጣችላት። «ውኃው ጠርቶ ሲወጣ ቤቱ ጸዳ ማለት ነው» አለችን። ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት መጥቼ ስለነበር ሥራውን እኔ በደስታ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው ውኃ እንደ ጭቃ ጠቁሮ ወጣ። ጎረቤታችን በአጥር በኩል አየችና «ይህ ሁሉ ከእናንተ ቤት?» አለች። ወለሏን በየሳምንቱ በእበት የምትለቀልቀው እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «የቡሄ እንግዳ ሳይመጣ ይጥራ» ብላ አዘዘችኝ። እንዳላሳፍራት ብዬ ጠዋትም ከሰዓትም ሳብኩ። ውኃው ግን መጥቆሩን አልተወም፤ እኔም ጓሮ እየወሰድኩ እደፋዋለሁ።

አንድ ቀን አባቴ በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ ወደ ጎን አጋደሉ። ጎንበስ ብለው የበርጩማው እግር የገባበትን ጉድጓድ አዩና፣ «ልጄ፣ ቤቱን እኮ ጓሮ እየደፋሽው ነው» አሉ።

እናቴ ወለሉን በእጇ ዳሰሰች። እበቱ ተነሥቶ አፈሩ ወጥቷል። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ ሳቀች፤ ወዲያው አጥሩ ጋ ሄዳ ጎረቤታችንን ጠራች።

«አንች፣ ቆሻሻ ያልሽው ወለሌ ኖሯል። በይ ነይ፣ አብረን እንለቅልቀው።»

አክስቴም «እኔ የማውቀው እብነ በረድ ላይ ነው» ብላ ማሽኑን በአሮጌ ነጠላ ሸፈነችው። በዚያ ዝናብ ወለሉ እንደምንም የደረቀው በቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ነበር።