ስልክ የሚጠብቁ ሰዎች

በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ስሟን የሚያውቅ ታካሚ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም «እትዬ ካርድ» ነው የሚላት። አንድ ሰው በመስኮቷ ብቅ ብሎ ቁጥሩን ሳይጨርስ እጇ መደርደሪያው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ልብስ ሰፊው ባሏ፣ «የእኔን የልደት ቀን ትረሳለች፤ የጎረቤቱን የደም ግፊት ግን ከነቀኑ ትነግራችኋለች» እያለ ያሾፍባታል።

ድሮ ሰልፉ ከመስኮቷ ተነስቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ከበሩ ውጭ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። ጠዋት ስትገባ በድንጋይ ወረፋ የያዘ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋ፣ ከፊቱ የገባውን የሚራገም ሰው አይጠፋም። ሐኪም ሲገኝ መድኃኒት የለም፤ መድኃኒቱ ሲመጣ ሐኪሙ ስብሰባ ነው። ስለዚህ አዲሱ ኃላፊ መጥቶ «ይህን ሰልፍ በስድስት ወር ካላሳጠርኩ ራሴ እለቃለሁ» ሲል ከልቧ ነው ያጨበጨበችለት።

ሰውየው ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ከወንበሩ የሚነሳ። ከጤና መድኑ ጋር አዲስ ውል ይዞ መጣ። መድኑ እንደ አባላቱ ብዛት በጀት ይልካል፤ ሰልፍ ያሳጠረ፣ መድኃኒት ያላጓደለ፣ ሰውን ያለ አግባብ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ያልላከ ጤና ጣቢያ ነጥብ ያገኛል፤ ብዙ ነጥብ ያገኘውም ይሸለማል። «ሆስፒታሉ በጉንፋን ተጨናንቆ ለባሰበት ሰው አልጋ ጠፋ» አለ በስብሰባው ላይ። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አንድን ሰው ወደ ሆስፒታል መላክ ሲፈልግ ሪፈር ይጽፋል፤ ወረቀቱ ለፈቃድ ወደ መድኑ ይሄዳል፤ ታካሚው ደግሞ «ፈቃዱ ሲመጣ ይደወልልዎታል» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ስድስት ወር ሳይሞላ ሰልፉ ከግቢው መውጣቱ ቀረ። ግድግዳው ተቀባ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ መድኃኒት ቤቱ «የለም» ማለት ተወ። ሰዎች በመስኮቷ አንገታቸውን አስገብተው ይመርቃሉ። እሷም እንደ ሰው ምሳዋን ተቀምጣ መብላት ጀመረች።

መጀመሪያ የታዘበችው አቧራውን ነው። በየወሩ የሚወጣ ካርድ ጠርዙ ይበላል፣ ጥጉ ይታጠፋል፤ እንደ አሮጌ ገንዘብ ይለሰልሳል። አንድ ቀን መደርደሪያዋን ስትወለውል ጨርቁ የጠቆረው በእነዚያው በለሰለሱት ካርዶች ላይ ነው። የስኳሩ፣ የልቡ፣ የኩላሊቱ ካርዶች። ከሁሉም በላይ ይወጡ የነበሩት ማለት ነው። እነሱን ካወጣቻቸው ወራት አልፈዋል።

የጤና ጣቢያውን ወጣት ሐኪም እነዚህ ሰዎች የት እንደጠፉ ጠየቀችው።

«ተሽሏቸው ይሆናላ፣ እትዬ።»

«ስኳር ሲሻለው አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቀና ስልኩን ማየት ጀመረ።

ከምሳ በኋላ በሩን ዘግታ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። አርባ አንድ ሆኑ። በእያንዳንዱ ውስጥ የሪፈር ቅጂ አለ፤ በእያንዳንዱም ላይ «ፈቃድ በመጠበቅ ላይ» የሚል ሰማያዊ ማኅተም። ከላይ ያለው የአናጢው ነበር። ልቡን የሚያመው፣ ደረጃውን ሲወጣ ሦስት ጊዜ የሚያርፍ፣ ግን መስኮቷ ጋ ሲደርስ «መደርደሪያሽ ዘሟል፤ አንድ ቀን መጥቼ አቃናልሻለሁ» ሳይላት የማያልፍ ሰው። ሪፈሩ የተጻፈለት ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት ነው።

ወደ ኃላፊው ገባች። «ፈቃዱ ሲመጣ ታካሚውን የሚጠራው ማነው?»

«መድኑ ነዋ» አላት ቀና ሳይል።

መድኑ ቢሮ ደወለች። አንዲት ለስላሳ ድምፅ፣ «እኛ ፈቃዱን ለጤና ጣቢያው በኢሜይል እንልካለን፤ በሽተኛውን የሚያውቀው እናንተ ናችሁ» አለቻት። የሚላከው በጤና ጣቢያው ጸሐፊ አድራሻ ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ ወልዳ ቤቷ ከተኛች አራት ወር ሊሆናት ነው፤ ምትክ አልተቀጠረም፤ ኮምፒውተሩም እንደተሸፈነ ነው። አስከፈተችው። ፈቃዶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንድም የተከፈተ የለም። የአናጢው በሦስተኛው ቀን ነበር የተፈቀደው።

ማንም አልከለከላቸውም። ክፉ ሰው ብታገኝ ትጣላው ነበር።

ያን ዕለት ማታ ለባሏ ስትነግረው መቀሱን አስቀመጠ። «ሁለት ሰው ‹ድስቱን አንተ ታወጣለህ› ከተባባለ» አለ፣ «ቤቱም ይቃጠላል።» ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

በማግሥቱ ወደ አናጢው ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። የፈቃዱን ወረቀት አሳትማ ከሥራ በኋላ ቤቱ ሄደች። ግቢው ውስጥ ተጀምሮ ያልተጨረሰ ቁም ሳጥን ዝናብ መትቶት አብጧል። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ተጠራ እንዴ?» አለቻት።

እትዬ ካርድ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አምስት ሳምንቱ» አለች ሴትየዋ፣ እንደሚያስታምም ሰው በዝግታ። «ስልኩን ከእጁ አያወርድም ነበር። ሲታጠብ እንኳ ለእኔ ይሰጠኛል፤ ‹ከጠራ ሩጪ› ይለኛል። ‹ለምን ሄደህ አትጠይቅም› ብለው፣ ‹ሰልፉን ያሳጠሩት እኮ ሰው ዝም ብሎ እየሄደ ስላላስቸገራቸው ነው፣ ወግ አለው› አለኝ። ስልኩን አሁንም ቻርጅ አደርገዋለሁ። ዛሬ ሲጮኽ ፈርቼ አላነሳሁትም።»

የደወለችው ራሷ እንደነበረች ልትነግራት አልቻለችም። ነፍስ ይማር ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ወረቀቱን መልሳ ብታጥፈው፣ ብትዘረጋው፣ የምታደርግበት ጠፋት።

ሁለተኛው የሄደችበት ቤት የአንዲት ስኳር ያለባት ልብስ አጣቢ ነው። ይቺኛዋ በሕይወት አለች፤ ግን ክፍሉ ገና ከደጁ ይሸታል። እግሯን በፌስታል ጠቅልላ በርጩማ ላይ ሰቅላዋለች። «መጣሽልኝ? ተራዬ ደረሰ?» ብላ ፊቷ በራ። እትዬ ካርድ ፌስታሉን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ጎረቤት ጠርታ፣ መኪና አስቁማ፣ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል አደረሷት። የተቀበላት ሐኪም፣ «የት ነበራችሁ እስካሁን?» ብሎ ጮኸባቸው። አጣቢዋ ቀድማ፣ «ስልክ ስንጠብቅ» አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት አርባ አንዱንም ካርድ ታቅፋ ገብታ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ወጣቱ ሰውዬ አመድ መሰለ። ሦስቱን ገልጦ አራተኛው ላይ አቆመ።

«እትዬ፣ ሐሙስ ሽልማቱ ነው። እንግዶቹ ይመጣሉ። ይሄ ከወጣ ውሉ ይቋረጣል፤ መድኃኒቱም፣ ሁሉም ነገር ወደ ድሮው ይመለሳል። እስከ ዓርብ ይቆይልኝ፣ በእጄ እጨርሰዋለሁ።»

«የእርስዎ ሽልማት ይቆያል» አለችው። ከዚያ፣ በሃያ ሁለት ዓመት አለቃን እንዲህ ብላ አታውቅም፣ «እነሱ ግን አይቆዩልህም፣ ልጄ።»

አልከለከላትም። ካርዶቿን ይዛ ተመለሰችና የክፍሏን ስልክ አነሳች። ለሁለት ቀን ለቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ ስትደውል ዋለች። ሃያ አራቱ እየጠበቁ ነበር፤ አንዳንዶቹ ድምፅዋን ሲሰሙ አመሰገኗት፤ ምስጋናው ከስድብ ከበዳት። ስምንቱ ያላቸውን ሸጠው ሌላ ቦታ ታክመዋል። የሰባቱን ስልክ ያነሳው የቤት ሰው ነው፤ እነሱ አርፈዋል። ከሰባቱ ስንቱ ቶሎ ቢታከም ይተርፍ እንደነበር እሷም አታውቅም፤ ሐኪሙም አላወቀም። ምሳውን ሳይበላ ካርዶቹን ሲያገላብጥ ዋለና፣ «ሪፈሩን ጽፌ ሳበቃ ያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር» አለ።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ከመድኑ የመጣችው ትልቋ ባለሥልጣን ካርድ ክፍሉን አይታ፣ «እንዴት ያለ ንጹሕ ክፍል ነው! ይሄ ሁሉ ለውጥ ከምን መጣ?» ብላ ጠየቀች። ኃላፊው አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ካርድ የአርባ አንዱን ሰዎች ስም ዝርዝር ዘረጋችላት።

«ከእነዚህ ነው እመቤቴ። እነዚህ ስላልመጡ ነው።»

ሴትየዋ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሽልማቱ በዚያ ቀን አልተሰጠም፤ ውሉም ግን አልተቋረጠም። ከወር በኋላ አጣሪዎች መጥተው «የመረጃ ልውውጥ ክፍተት» የሚል ሪፖርት ጻፉ። በሪፈሩ ወረቀት ላይ የሚደውለው ሰው ስም የሚሞላበት መስመር ተጨመረ፤ ጥሪውም በሰባት ቀን ውስጥ እንዲሆን ታዘዘ። ኃላፊው ወደ መድኑ ዋና መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ እድገት ይሁን ቅጣት ማንም አልተረዳም። ሲሰናበታት እጇን ይዞ ብዙ ቆየ። አጣቢዋ እግሯን ከቁርጭምጭሚት በታች አጥታ ከሆስፒታል ወጣች። የአናጢው ሚስት ባሏ ተፈቅዶለት እንደነበር ከአጣሪዎቹ ሰማች። ያን ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብላ ዋለች፤ ሲመሽ ሄደች።

በዓመቱ ካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ገባለት። ካርዶቹ በጆንያ ተጭነው ሄዱ፤ መደርደሪያዎቹ ተነቀሉ። ሥርዓቱን ሊያስተምራት የመጣው ባለሙያ ጎበዝ ነው፤ የዛሬውን ታካሚ፣ የአማካይ ቆይታውን፣ የወሩን ወጪ በአንድ ጣት ያሳያታል።

«ያልመጣውን ሰው የሚያሳየው የትኛው ጋ ነው?» አለችው።

«ያልመጣ ሰውማ ምን ይታያል፣ እትዬ?»

ከሱቅ አንድ ደብተር ገዝታ በመሳቢያዋ አስቀመጠች። ሪፈር የተጻፈለትን ሁሉ ስምና ስልክ በእጇ ትጽፋለች፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ትደውላለች። ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር ቀርቷታል፤ ደብተሩን ለማን እንደምትሰጥ እስካሁን አላገኘችም። ባለፈው ዓርብ ለአሥራ አራት ሰው ደወለች። ሁለቱ አላነሱም።