አስተርጓሚዋ ልጄ

እዚህ ሆላንድ ልጅ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ፣ ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ የሚመክሩት መምህሩ ናቸው። ለዚሁ ጉዳይ ከልጄ ከቤቴል ጋር ተጠራሁ። ደች ስሰማ ይገባኛል፤ ልናገር ስል ግን ይጠፋብኛል። ስለዚህ የምታስተረጉምልኝ ራሷ ቤቴል ነበረች።

መምህሯ «ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ይሻላት ይሆን ወይስ መካከለኛው? እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

ልጅን ሰው ፊት ማሞገስ ለዓይን መዳረግ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። በልቤ አማተብኩና «ኧረ እሷ ምን ታውቃለች፤ እንዲያው እግዚአብሔር ይርዳት እንጂ» አልኩ።

ቤቴል ቀና ብላ በደች «እናቴ፣ ለቤቴል ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነው የሚሻላት፣ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም ትላለች» አለቻቸው።

ላርም አፌን ከፈትኩ። ከ«ዳንክ ዩ»፣ ማለትም ከ«አመሰግናለሁ» በቀር አንድም ቃል አልመጣልኝም። እሱኑ ሁለቴ አልኩት። መምህሯ በጣም ደስ ብሏቸው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ጻፉ።

ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዝኳት። «አንቺ፣ እኔ እንደዚያ ብያለሁ?»

«ቤት ሁልጊዜ የምትይኝን ነው የነገርኳት» አለችኝ። «ሚኒስትር ትሆኛለሽ የምትይኝን ግን ተውኩት፤ ጉረኛ እንዳትመስዪ ብዬ።»